ጋቢ የበላ ጎማ

አንድ እምቢ ማለት የማያውቅ ብስክሌተኛ ነበር። ስሙ እንየው ይባላል። የሚኖረው ሜዳማ በሆነች የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ ነው። በዚያች ከተማ ሽማግሌው ለቅሶ የሚደርሰው፣ ነጋዴው ገበያ የሚወጣው፣ ሙሽራው ሳይቀር ሽቶ የሚገዛው በብስክሌት ነው። ከዚያ ሁሉ ብስክሌተኛ መካከል እንየውን የሚቀድም አልነበረም። እግሩ ብርቱ፣ ልቡ ቅን ነው። ለሰው የነበረው መልስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ "እሺ"።

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" ይላሉ አባቶች። እንየው ሞኝ አልነበረም። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲጠይቀው ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ሰው ቅር ከሚለው እሱ ቢጎዳ ይመርጣል። ይህን ጠባይ ሰፈርተኛው ጨዋነት ይለው ነበር፤ እሱም ጨዋነት ይመስለው ነበር።

አንድ ጊዜ ከከተማው ርቆ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ መንደር ኩፍኝ ገባ። ወደዚያ የሚወስደው ድልድይ ባለፈው ክረምት በጎርፍ ተወስዷል፤ የቀረው ሰው በሰልፍ የሚሻገርበት የእንጨት መረማመጃ ብቻ ነው። መኪና አያልፍበትም፤ ብስክሌት ግን እየገፉ ያሻግሩበታል። ስለዚህ የከተማው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሲስተር ወርቅያንሱ እንየውን አስጠራችው።

"እዚህ ሳጥን ውስጥ የምናሽገው የቀረን የመጨረሻው ክትባት ነው" አለችው። "በረዶው ሳይቀልጥ ከደረሰ ልጆቹን ያድናል፤ ከቀለጠ ግን ወስደህ ብትደፋው ይሻላል። ሌላ እስኪላክልን ደግሞ ኩፍኙ አይጠብቀንም። እስካሁን ሁለት ልጆች ተቀብረዋል። ነገ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዋርካው ሥር ይጠብቁሃል።"

"እደርሳለሁ፣ ሲስተር" አላት።

ጉራ አልነበረም። መንገዱን ያውቀዋል፤ እግሩንም ያውቀዋል። በረዶው ከመቅለጡ በፊት ደርሶ፣ ምሳውን እዚያው በልቶ እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆንያ አነጠፈና ዕቃውን አሰናዳ። የጎማ መንፊያውን ከብስክሌቱ አካል ጋር አሰረው። መለጠፊያውን፣ ማስቲሹን፣ ጎማ መፈልቀቂያውን፣ የብስክሌቱን ብሎን የሚገጥም ትንሽ መፍቻ፣ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፤ ሁሉንም ከመቀመጫው ሥር በምትንጠለጠል የሸራ ቦርሳ ከተተ። ቦርሳዋ ከአንድ እንጎቻ አትበልጥም። የኋላው መጫኛ ለክትባቱ ሳጥን ባዶውን ተተወ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም። እንየው በዚያች ሰዓት ቢነሳ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ ነበር።

ግን ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ ማለዳ እንየው ብስክሌቱን ይዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ፣ ሰዎች ሊሸኙት ቆመው አገኛቸው። ሊሸኝ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም።

ቀድመው የቀረቡት የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ትልቅ ጥቁር ጃንጥላቸውን አቀበሉት።

"የዘንድሮ ፀሐይ ሰው ትጥላለች፤ ያዝ ልጄ" አሉት።

በብስክሌት ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ዳገት የወጣ ሰው አላየሁም ሊላቸው አሰበ። ዳኛውን በሰው ፊት ማሳፈር መሰለውና፣ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ከመሪው ጋር አሰረው።

ቀጥሎ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ መንበሩ መጡ። በሁለት እጃቸው አንድ የብረት ሳጥን ተሸክመዋል፤ ውስጡ የጭነት መኪና መፍቻ ነው። ትንሹ መፍቻ እንኳ የብስክሌቱን ብሎን ሁሉ አንድ ላይ ይውጠዋል።

"መንገድ ነው፣ አይታወቅም" አሉ ጋሽ መንበሩ። "መሣሪያ የያዘ ሰው አያፍርም። ያቺን ጥቃቅን ዕቃህን አውልቃትና ይህን እዚያ እሰረው።"

እንየው ሳጥኑን አየ። የማይሆን መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ጋሽ መንበሩ እናቱ የታመሙ ጊዜ በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱ ሰው ናቸው። በምን አፉ እምቢ ይበላቸው? የሸራ ቦርሳዋን ፈታና ለጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ "እስክመለስ አስቀምጥልኝ" ብሎ ሰጠው። የብረቱን ሳጥን በቦታዋ አሰረ።

በመጨረሻ እትዬ አገር መጣች። አፉ የተሰፋ ጆንያ ታቅፋለች።

"መንገድህ ስለሆነ ነው" አለችው። "ባዘቶ ጥጥ ነው። ማዶ ላለችው ለታላቅ እህቴ ለእማማ ዳሳሽ ስጥልኝ። ጋቢዋ አልቆ ብርድ ፈጃት፤ ክረምት ሳይገባ ፈትላ ታሸምን። አደራህን፣ እንየው! አደራ!"

አደራ ሲባል እንኳን እንየው፣ እምቢ ማለት የለመደ ሰውም እጁን ይዘረጋል። ጆንያው ቀላል ቢሆንም ሰፊ ነው። በክትባቱ ሳጥን ጎን ሲያስሩት ሆዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መንፊያው የታሰረበት ድረስ መጣ። ከሁለቱ አንዱ መነሳት ነበረበት። እትዬ አገር ፊቱ ቆማለች፤ መንፊያው ግን የሚቀየም ነገር አይደለም።

"መንፊያ የትም አይጠፋም" አለና ፈትቶ እሱንም ለዘበኛው ሰጠው።

ይህን ያለው የከተማ ሰው ስለሆነ ነው። በእሱ ከተማ በየመንገዱ ማዕዘን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጎማ የሚነፋ ሰው አለ። እንየው ዕድሜውን ሙሉ ጎማው ሲተነፍስበት ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ከመግፋት ያለፈ ችግር አላየም። አገሩ ሁሉ እንደ ሰፈሩ መሰለው።

ሲስተር ወርቅያንሱ ክትባቱን በበረዶ አሽጋ ስትወጣ ብስክሌቱን አየችና ደነገጠች።

"ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"የሰው ፍቅር ነው፣ ሲስተር" አለ እንየው እየሳቀ።

"በረዶ ፍቅር አያውቅም፤ ፍጠን" አለችው።

በእልልታ ተሸኝቶ ወጣ። አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ማንም የሚያቆመው አይመስልም ነበር። የጃንጥላው ጫፍ በየኩርባው ጉልበቱን ይወጋዋል፣ የብረቱ ሳጥን በየጉድጓዱ ይንኳኳል፤ እሱ ግን እያፏጨ ይነዳል። ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን መረማመጃው ላይ ብስክሌቱ ከነጭነቱ አላልፍ አለ። ሁሉንም ፈትቶ፣ በየተራ ተሸክሞ አሻግሮ፣ እንደገና አሰረ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ማፏጨቱንም ተወ።

ከወንዙ ማዶ መንገዱ በግራር መካከል ያልፋል። ብዙም ሳይርቅ የኋላው ጎማ ሲጥ አለና ተነፈሰ። እንየው ወረደ። እንደ ልማዱ እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ላከ። እጁ ያገኘው የጋሽ መንበሩን ብረት ነበር።

ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ማዕዘን የለም፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰውም የለም። ዶማ በትከሻው የያዘ አንድ ገበሬ ብቻ ሲመጣ አየና ሮጦ ተቀበለው።

"ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ ጎማ የሚነፋ ሰው አለ?"

ገበሬው ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አየው። "የጎማ ነገር እኛ ዘንድ የለም። እኛ ያለን አህያ ነው፤ እሱም ዛሬ ገበያ ነው የዋለ" አለው።

እንየው የክትባቱን ሳጥን ሲያነሳው ከውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ተሸክሞ በእግሩ ቢሄድ ፀሐይዋ እንደምትቀድመው ገባው። ያኔ እንየው ፈራ። ሲስተር ወርቅያንሱ ሁለት ልጆች ተቀብረዋል ያለችው ትዝ አለው፤ ሦስተኛው የማን ልጅ ይሆን ብሎ አሰበ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ማለት ይህን ጊዜ ነው።

ደግነቱ እንየው አልቅሶ የሚቀር ሰው አልነበረም። ጃንጥላውን ዘርግቶ ሳጥኑ ላይ ጥላ ሠራ። ጎማ የተነፈሰባቸው የድሮ ብስክሌተኞች ሣር ጠቅጥቀውበት አገር ቤት ይገቡ እንደነበር ሰምቷል። ሣር ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አለ፤ በበጋ ከብት የጋጠው ምድር ግን የመላጣ ራስ ሆኗል። ተመልሶ መጣና ዓይኑ ጆንያው ላይ አረፈ።

ጆንያው አፉ የተሰፋ ነው። እንየው በሕይወቱ የሰው አደራ ከፍቶ አያውቅም። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ሲባል ያደገ ልጅ ነው። ጥቂት ርምጃ ሄደና ቆመ። እዚያ ጃንጥላው ሥር ያለው ክትባትም አደራ መሆኑን አሰበ፤ ያንን አደራ ግን የተቀበለው ለማንም ፊት ብሎ አልነበረም፣ ልጆች እንዳይሞቱ ብሎ ነበር። ተመለሰና ስፌቱን በጥርሱ በጠሰው።

በመኪናው መፍቻ ቀጭን ጫፍ ጎማውን ፈለቀቀ። የጣቱ ቆዳ ተላጠ። የውስጡን ጎማ ጎትቶ አወጣና በቦታው ጥጡን በእፍኝ በእፍኝ እየጨመረ በመፍቻው እጀታ ጠቀጠቀው። ያ ብርድ ሊከላከል የታሰበ ነጭ ባዘቶ በአቧራና በላብ ጠቁሮ ጎማ ውስጥ ገባ። ጆንያው ውስጥ የቀረው ለመብራት ክር እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ገበሬው ቆሞ ሲያየው ነበርና እንየው የብረቱን ሳጥን ሰጠው።

"እስክመለስ ያዝልኝ፣ አደራ" አለው።

"ዛሬ አደራ በዛ" አለ ገበሬው፣ ግን ተቀበለው።

ብስክሌቱ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ተነሳ። እንየው ግን አልወረደም፣ አላረፈም። ሳጥኑ ውስጥ የሚንቦጫቦጨው ውሃ ጀርባው ላይ እየጮኸ ነዳው። ዋርካው ሥር ሲደርስ እናቶቹ ፀሐይ ፀሐዩን እያዩ ተስፋ ሊቆርጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የመንደሩ ጤና ባለሙያ ሳጥኑን ከፈተች። ከውሃው መካከል እንደ ጥፍር የሳሳ በረዶ ተንሳፍፎ ይታያል። ጣቷን ሰዳ ጠርሙሶቹን ነካቻቸው።

"ቀዝቅዘዋል! ደርሰሃል!" አለች።

ወዲያው የሕፃናት ለቅሶ ዋርካውን ሞላው። እንየው መሬት ላይ ተቀምጦ ያን ለቅሶ ሰማ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ያለው ቀን አልነበረም። ቀጥሎ ግን የቀረውን ነገር አስታወሰና ተነሳ።

እማማ ዳሳሽ እዚያው ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ተከትባ እያለቀሰች ነጠላቸው ውስጥ ተሸጉጣለች። እንየው ባዶውን ጆንያ በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ተንበረከከ።

"እማማ፣ ከእህትዎ ከእትዬ አገር ነው የመጣሁት። ለጋቢ የላኩልዎት ጥጥ ነበር። ጎማዬ መንገድ ላይ ተነፈሰና… ጥጡ እዚያ ውስጥ ነው።"

አሮጊቷ ወደ ብስክሌቱ ተጠግተው ጎማውን አዩት። በጎን ጥቁር ጥጥ ምላሱን አውጥቷል። ከዚያም በሳቅ ፈረሱ።

"እኔ ሳልለብሰው ጎማው ለበሰው በለኛ!" አሉ። "ተነሳ በል፣ ልጄ። ለእነዚህ ከሆነ ይሁን። በአሮጌዋ ጋቢዬ እንደ አምናው እከርማለሁ።"

እንየው እፎይ ብሎ ሊነሳ ሲል እማማ ዳሳሽ፣ "ግን ለመሆኑ የምትነፋበት ዕቃ የለህም?" ብለው ጠየቁት።

"አለኝ፣ እማማ። ከተማ ቀረ።"

"ስለምን?"

"የሰው ዕቃ በዛብኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።"

እማማ ዳሳሽ ሳቃቸውን አቆሙ። የልጅ ልጃቸውን ፀጉር እየዳበሱ ቀስ ብለው፣ "እህቴ ጥጥ ባትልክልኝ ኖሮስ?" አሉት።

እንየው ባዶውን ጆንያ ማጣጠፍ ጀመረ።

"ዛሬ ይህችን ያዳነልኝ ጋቢዬ ነው፤ ያንተ ዝግጅት አይደለም" አሉ እማማ ዳሳሽ። "አንተ ማለዳ ስትወጣ ደጅህ የቆመውን ሰው ሁሉ ደስ አሰኘህ። አንድም ሰው አላስቀየምክም። የረሳሃቸው እነዚህን ሕፃናት ብቻ ነው። ለምን ረሳሃቸው? ሊሸኙህ አልመጡማ!"

ያን ቃል ከጋሽ መንበሩ ብረት ይልቅ ከብዶት ተሸክሞት ተመለሰ።

በከተማው ግን የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር። ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው። ምን እንደ ደረሰበት ሲነግራቸው ማንም ማንንም አላስጨርስ አለ። "ጎማውን የፈለቀቀው የእኔ መፍቻ ነው! መሣሪያ የያዘ አያፍርም አላልኩም?" አሉ ጋሽ መንበሩ። "በረዶውን ከፀሐይ ያተረፈው የማን ጃንጥላ ነው?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። እትዬ አገር ደግሞ የእህቷ ጋቢ መቅረቱን ረስታ፣ "እንኳንም ሰጠሁህ!" እያለች ደረቷን መታች። የጎደለው መንፊያ መሆኑን ያነሳ ሰው የለም። መንፊያ ጠበቃ የለውም።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶው መንደር አልፎ ላለ ሌላ ቀበሌ ክትባት መጣ። እንየው ማለዳ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሰፈሩ በሙሉ ጥጥ ይዞ ቆሟል። በጆንያ የያዘ አለ፣ በፌስታል የያዘ አለ፤ አቶ ልሳነወርቅ አሮጌ ፍራሽ አስቀድደው ልጆቻቸውን አሸክመው መጥተዋል። እንየው ወደ ብስክሌቱ አየ። መንፊያው በቦታው ታስሯል። የሸራ ቦርሳዋ መቀመጫው ሥር ተንጠልጥላለች። የኋላው መጫኛ የክትባቱን ሳጥን ይጠብቃል።

"ዛሬ አልይዝም" አለ።

ከእንየው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ጠላህ እንዴ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ኧረ አልጠላሁም፣ አባባ። እኔ ካልደረስኩ የእናንተም አደራ አይደርስም። መጀመሪያ የሚያደርሰኝን ልያዝ። ከዚያ ቦታ ከተረፈ የእናንተ ነው፤ ካልተረፈ ደግሞ ፊታችሁ ቆሜ እምቢ እላችኋለሁ። ልጆች ከሚያዝኑብኝ የእናንተን ቅያሜ መርጫለሁ።"

ጋሽ መንበሩ ፊታቸውን አጨማደዱ። ሲስተር ወርቅያንሱ ግን ከኋላ ቆማ ነበርና ፈገግ አለች።

"ያመጣችሁትን ጥጥ ግን መልሳችሁ አትውሰዱት" አለ እንየው ቀጥሎ። "ለእትዬ አገር ስጧት። ትፍተለውና ሸማኔ ይሥራው። ጋቢው ሲያልቅ እኔ ራሴ ለብሼው ለእማማ ዳሳሽ አደርሳለሁ፤ የሚለበስ ነገር መጫኛ ላይ ቦታ አይሻማም።"

እንዳለውም ሆነ። ክረምት ሊገባ ሲል እንየው አዲስ ጋቢ ደርቦ ወንዙን ተሻገረ። እማማ ዳሳሽ ጋቢውን ተቀብለው ወዲያው አልለበሱትም። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው የብስክሌቱን አካል ዳበሱ፤ መንፊያው መኖሩን ሲያዩ ነው ቀና ብለው ጋቢውን የደረቡት።

ወዳጆቼ፣ የሚያጠፋን ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመንገድ የሚያስቀሩን የሚወዱን ሰዎች በፍቅር የሚያሸክሙን፣ እኛም በይሉኝታ የምንቀበለው ዕቃ ነው። ጥጡ ለአንድ ቀን ቢያደርስም እንደ ዝግጅት አይቆጠርም፤ ለእንየው ይሉኝታ ዋጋ የከፈሉት አሮጊቷ ናቸው። ፊታችን የቆመ ሰው ድምፅ አለው። ሩቅ ሆኖ የሚጠብቀን፣ መድረሳችን የሕይወቱ ጉዳይ የሆነበት ሰው ግን በር ድረስ መጥቶ አይለምነንም። ስለዚህ ዕቃ በምንመርጥበት ሰዓት ስለ እሱ መናገር ያለብን እኛ ነን።

እርስዎም ነገ ለአንድ መንገድ ይነሱ ይሆናል፤ ለሥራ፣ ለትዳር፣ ለትምህርት ወይም ልጅ ለማሳደግ። ከመነሳትዎ በፊት ሸክምዎን አንድ ጊዜ ይዩት። ዋርካው ሥር የሚጠብቅዎ ማን ነው? መንፊያዎንስ ለማን ቦታ ብለው ፈቱት?